ምዕራፍ አራት፦ አውራው ሳይመሽ የት ይደርሳል?

በሚኒሶታና በዊስኮንሲን የአጋዘን የቀስት አደን የሚከፈተው በመስከረም 5 አካባቢ ባለው ቅዳሜ ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 መሆኑ ነው። እንቁጣጣሽ ካለፈ ገና ሳምንት ገደማ ነው። ጫካው እንደለመለመ ነው፣ ትንኙ አልጠፋም፣ ቀኑም ይሞቃል። ስለ አጋዘን አደን ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው የኅዳር መጀመሪያውን ነው። ያኔ የስሪያ ወቅት ስለሆነ አውራዎቹ እንስት ፍለጋ ቀን ከሌት ይሮጣሉ፣ ጥንቃቄያቸውንም ይረሱታል። የኅዳር አውራ አዳኙ ካለበት ድረስ ራሱ ይመጣል። የመስከረም አውራ ግን ከመኝታው ብዙም አይርቅም፤ ያለበት ድረስ መሄድ የአዳኙ ፈንታ ነው። ለዚህም የሚረዳው አውራው መሬትና ዛፍ ላይ የተወው ምልክት ነው።

የባሌን የደጋ አጋዘን የሚያውቅ አንባቢ አንድ ነገር አስቀድሞ ቢለይ ይጠቅመዋል። የደጋ አጋዘን ከከብትና ከፍየል ወገን ነው፤ ቀንዱ አንዴ ከበቀለ ዕድሜ ልኩን አይወልቅም። በዚህ ምዕራፍ የምናወራለት የሰሜን አሜሪካው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ግን በየክረምቱ፣ በረዶው መሬት ላይ እያለ፣ ቀንዱን ይጥላል። ከዚያ ከመጋቢትና ከሚያዝያ ጀምሮ እንደ አዲስ ያበቅላል። ሲያድግ ደም ሥር የሞላበት፣ ከፈይ የሚመስል ለስላሳ ቆዳ ይሸፍነዋል። ነሐሴ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ቀኑ እያጠረ ይሄዳል። የብርሃኑ ማጠር በአውራው ሰውነት ውስጥ ቴስቶስተሮን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርገዋል፤ ቀንዱ ይጠነክራል፣ ወደ ቆዳው የሚሄደው ደም ይቆማል፣ ቆዳውም ይሞታል። አውራው ቀንዱን ቁጥቋጦ ላይ እያሸ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ገፎ ይጨርሰዋል፤ አንዳንዱ የራሱን ልጣጭ ይበላዋል። ሰውነቱ ይህን የሚያደርገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ሳምንት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚገኘው የመጀመሪያው የተላጠ ዛፍ ቀኑ የተጻፈበት ደብዳቤ ማለት ነው።

አውራ ስል ማንኛውንም ባለ ቀንድ ማለቴ አይደለም። አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ጎረምሳ ቀንዱን ይዞ ይዘላል፣ በጠራራ ፀሐይ ማሳ ይገባል፣ የነቃ አዳኝ ፊት ለፊት ቆሞ ይቀነጥባል። አራተኛ ዓመቱን ያለፈው ግን በርካታ የአደን ወቅቶችን ተርፎ የመጣ ነው። እግሩ ከሰውነቱ አንጻር ያጠረ ይመስላል፣ ደረቱ ይሰፋል፣ ሆዱ ወደ ታች ወረድ ይላል። ብዛቱም ትንሽ ነው። በፈረንጆቹ 1900 ገደማ በመላው አሜሪካ የዚህ አጋዘን ቁጥር ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር፤ በሕግ ጥበቃና ከአዳኞች ፈቃድና ከመሣሪያ ቀረጥ በሚሰበሰበው ገንዘብ ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል። ከዚያ ሁሉ መንጋ ውስጥ ግን አራት ዓመት የሞላው አውራ የሚገኘው ለፈለገ ሰው ብቻ ነው።

ጀማሪን የሚያታልለው የምልክት ብዛት ነው። አኩሪ አተር የተዘራበት ማሳ ዳር ቢሄድ መሬቱ በሰኮና ተቦክቶ፣ በጠጥ ተበትኖበት፣ የሰብሉ ቅጠል ተቀንጥቦ ያገኘዋል። ደስ ብሎት ተቀምጦ የሚጠብቅበትን ማማ እዚያው ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ሲመሽ እንስቶች ከነግልገሎቻቸው ይመጣሉ፣ ጎረምሶቹም ይከተላሉ፣ አውራው የለም። ዱካው አልዋሸም፤ አውራው በእርግጥ እዚያ ይበላል። የሚበላው ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በሚኒሶታ ሕግ አጋዘን ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። በመስከረም መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሆነ፣ በ3 ሰዓት የተረገጠ ዱካ ለአዳኙ ምንም አይሠራለትም።

ስለዚህ ምልክት ሲገኝ «ማን ተወው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ሥራ ነው። የሚበልጠው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ላይ ተወው?» የሚለው ነው። መልሱን የሚሰጠው ምልክቱ ከአውራው መኝታ ያለው ርቀት ነው። በመስከረም አውራው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ያመሰኳል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይነሳል፣ ይንጠራራል፣ ካጠገቡ ያለውን ቅጠል ይቀነጥባል፣ ቀስ እያለ ወደ ምግቡ ያዘግማል፤ ጫካው ሳያልቅ ቆሞ እስኪጨልም ይጠብቃል። ብርሃን ሳለ የሚሄደው መንገድ አንዳንዴ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለመኝታው የቀረበ ምልክት የብርሃን ምልክት ነው፤ ሜዳ ላይ ያለው የጨለማ ነው። ይህን ከተቀበልን ፍለጋው ከማሳው ተነስቶ ወደ ኋላ፣ ወደ መኝታው ይሆናል ማለት ነው።

ይህን በተግባር ለማየት ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ነድቶ ዊኖና መድረስ ይበቃል። ሚሲሲፒን ተሻግሮ ያለው የዊስኮንሲኑ በፋሎ ካውንቲ በትላልቅ አውራዎቹ በመላ አገሪቱ ስሙ የታወቀ ነው። አካባቢው በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግግር በረዶው ያልደረሰበት በመሆኑ እንደ ቀሪው ሜዳማ ምድር አልተደለደለም፤ ሸንተረርና ሸለቆ ነው። ከሸንተረሩ አናት ላይ በቆሎና አኩሪ አተር ይታረሳል፣ ገደላገደሉ የኦክ ጫካ ነው፣ ከሥር ጅረት ይወርዳል።

ከምግቡ እንጀምር። አኩሪ አተር ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ አጋዘን አይለየውም። በመስከረም ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ግን አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ትቶት ይሄዳል። በዚያው ሰሞን የነጭ ኦክ ፍሬ መርገፍ ይጀምራል። የቀይ ኦክ ፍሬ ለመብሰል ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ታኒን የተባለው አፍ የሚያደርቅ መራራ ነገርም ይበዛበታል። የነጭ ኦክና የዘመዱ የቡር ኦክ ፍሬ በአንድ ወቅት ይበስላል፣ መራራነቱም ያነሰ ነው። ሁለቱም ከረገፉ አጋዘኑ ነጩን መርጦ ይበላል። ችግሩ ሁሉም ዛፍ በየዓመቱ አለማፍራቱ ነው። ከሃምሳ ዛፍ አምስቱ ብቻ ያፈሩ እንደሆነ አውራው አምስቱን ያውቃቸዋል። አዳኙም በነሐሴ በርቀት መነጽር ወደ ቅርንጫፉ ሽቅብ አይቶ ቢለያቸው ድካሙ ይቀላል።

ያፈራ ዛፍ ሥር ሲደርሱ ተንበርክከው ይመልከቱ። ፍሬው በብዛት ወድቆ ካልተነካ አጋዘን ገና አላገኘውም፣ ወይም ትቶታል። ቆቦቹ ብቻ ተበትነው ፍሬው ከሌለ አንድ የበላው አለ። ማን እንደበላው ደግሞ ልጣጩ ይናገራል። ሽኮኮ ቅርፊቱን በጥርሱ እየፋቀ በትንንሹ ቆራርጦ ይተወዋል፣ ብዙ ጊዜም ጉቶ ወይም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስለሚበላ ልጣጩ አንድ ቦታ ተቆልሎ ይገኛል። የዱር ተርኪ ፍሬውን እንዳለ ይውጠውና ቅጠሉን በሰፊው ጭሮ ይሄዳል። አጋዘን ግን በመንጋጋው ይሰብረዋል። እርጥብ የቅርፊት ስባሪ ከአፉ እየተንጠባጠበ ዛፉ ሥር ሁሉ ተበትኖ ይቀራል። ስባሪው ውስጡ ገና ነጣ ብሎ ከታየ የተበላው በቅርብ ነው፤ ቆይቶ ከሆነ ይጠቁራል። ካጠገቡ የሚያብረቀርቅ እርጥብ በጠጥ ካለ ጥርጣሬ አይኖርም። ዛፉ ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦ አጠገብ ከሆነ ደግሞ፣ ከማሳው ይልቅ እዚህ ሥር አውራው ብርሃን ሳለ የመድረስ ዕድሉ ብዙ ነው። ለእኔ በመስከረም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ስለ በጠጥና ስለ ዱካ ረጅም ማብራሪያ የሚሰጡ አሉ፤ እኔ ብዙም አልዘገይበትም። ለምለም ሲበላ በጠጡ ተጣብቆ ይወጣል፣ ደረቅ ነገርና የኦክ ፍሬ ሲበላ ደግሞ እንደ ፍየል በጠጥ ይበታተናል። መጠኑን አይቶ የወንድ ነው፣ የሴት ነው ማለት ግን ግምት ነው። ዱካውም ቢሆን በጭቃ ላይ ሲገኝ ብቻ ነው የሚታመነው። የጅረት መሻገሪያ ላይ ሦስት ጣት ጎን ለጎን ገብቶበት ቦታ የሚተርፈው፣ ከሰኮናው ኋላ ያሉት ሁለቱ ትናንሽ ጥፍሮች ጠልቀው የታተሙበት፣ ብቻውን የሚሄድ ዱካ ከታየ ከባድ እንስሳ አልፏል ማለት ነው። አውራ ነው ብሎ ለመማል ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ያ ማስረጃ የተላጠው ዛፍ ነው። አውራው ግንባሩ ላይ ሽታ የሚያመነጭ ዕጢ አለው። ቀንዱን ዛፍ ላይ የሚያሸው ቆዳውን ለመግፈፍ ብቻ አይደለም፤ ቆዳው ከተገፈፈ በኋላም ወራት ሙሉ ይቀጥላል። ሽታውን እየተወ መኖሩን ለሌሎቹ ያሳውቃል። ዕድሜ የጠገበው ከጎረምሶቹ ቀድሞ ይጀምራል፣ አብዝቶም ያደርገዋል። በመስከረም የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት የተላጠ ወፍራም ዛፍ ያገኘ አዳኝ አውራ አግኝቻለሁ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ትልቁ አውራ ቀጭኑንም ስለሚልጥ ቀጭን ዛፍ ተላጠ ማለት ትንሽ ነው ማለት አይደለም። የእግር ባት የሚያህለውን ግንድ የሚደፍር ጎረምሳ ግን ከስንት አንድ ነው።

አንዱን ዛፍ ቀርበን እንየው። የጽድ ዘመድ የሆነው ቀይ ሴዳር መዓዛ ስላለው አውራዎች ይወዱታል። ቅርፊቱ ከጉልበት እስከ ወገብ ከፍታ ተልጧል። የውስጡ እንጨት እርጥብ ከሆነ፣ ሥሩ የወደቀው ልጣጭ ገና ካልተጠቀለለና ካልደረቀ፣ ከትናንት ወዲህ የተሠራ ነው። እንጨቱ ግራጫ ሆኖ የቁስሉ ዳር በአዲስ ቅርፊት ከተከበበ ያለፈው ዓመት ነው። ያም ቢሆን ቦታው እንደሚወደድ ይመሰክራል። ከኋላው ያለው ሌላ ዛፍ ላይ የተጫጫሩ መስመሮች ካሉ አውራው ሲገፋ የቀንዱ ጫፍ የነካቸው ናቸውና የቀንዱን ርዝመት ይጠቁማሉ።

አሁን ዛፉን ዞሮ የተላጠው በየትኛው ጎኑ እንደሆነ ማየት ነው። አውራው የሚልጠው እየመጣ ሳለ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ጎን ነው። የተላጠው ጎን ወደ ጥቅጥቁ ጫካ ከዞረ አውራው ከመኝታው ተነስቶ ወደ ምግብ ሲሄድ ያደረገው ነው፤ የምሽት መንገዱ ነው። ወደ ማሳው ከዞረ ጠዋት ሲመለስ የተወው ነው። ብዙ አዳኝ ይህን ሳያይ ያልፋል፤ የጠዋት መንገድ ላይ ማታ ተቀምጦም ተስፋ ይቆርጣል። ሁለት ሦስት የተላጡ ዛፎች በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ መስመሩን ወደ ኋላ ተከትሎ መኝታው ድረስ መገመት ይቻላል። ከማሳው ሃምሳና መቶ ሜትር ገባ ብሎ ብዙ ዛፍ አንድ ላይ የተላጠበት ቦታ ደግሞ አውራው ጨለማን የሚጠብቅበት ነው። ቆሞ ሲሰለቸው ዛፍ ይልጣል።

ጭረቱስ? አውራው ከዝቅተኛ ቅርንጫፍ ሥር መሬቱን በሰኮናው ጭሮ ሽንቱን የሚተውበት ቦታ ሥዕሉ ያማረ ስለሆነ ሰው ያያል፣ ካሜራም እዚያ ይሰቀላል። ቅርንጫፉን ወንዱም ሴቱም ዓመቱን ሙሉ ይልሱታል፣ ያሸቱታል። ወደ ጭረት የሚመጡት ግን በአመዛኙ ሌሊት ነው። በመስከረም ጭረት ላይ ማማ መስቀል ጊዜ ማባከን ነው እላለሁ።

መኝታው ራሱ በእነዚህ ሸንተረሮች ላይ የሚገኝበት ቦታ ያስገርማል፤ ምክንያቱም ሲገባን ቀላል ነው። እንስቶችና ግልገሎች በቡድን ይተኛሉ፤ መኝታቸው ትልቅና ትንሽ ተቀላቅሎ ይታያል። አውራው በክረምት ቀንዱን ከጣለ ጀምሮ እስከ ነሐሴ ከሌሎች ወንዶች ጋር ቢውልም፣ ቀንዱ ከተገፈፈ በኋላ ቡድኑ ይበተንና ብቻውን ይተኛል። ሣሩ ተደፍጥጦ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው አንድ ብቻ መኝታ፣ አጠገቡም የተላጠ ዛፍ ካለ ባለቤቱ ታወቀ። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ከሸንተረሩ አናት ዝቅ ብሎ፣ ከገደሉ በላይኛው ሢሶ ላይ፣ ነፋሱ በማይመታው ጎን ነው። ነፋሱ ከጀርባው አናቱን አልፎ ይመጣል፤ ከኋላው የሚመጣን ያሸታል። ቀን ፀሐይ ገደሉን ስታሞቅ ከሥር ያለው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ከታች የሚመጣንም ያሸታል። ፊት ለፊቱን በዓይኑ ይጠብቃል። በእግር ደርሶበት የሚይዘው የለም።

ሲመሽ ግን ይህ ይገለበጣል። ፀሐይዋ ከገደሉ ስትነሳ አየሩ ይቀዘቅዝና ቁልቁል ይወርዳል። አውራው የሚነሳውም በዚሁ ሰዓት ነው። ከመኝታው በታች የተቀመጠ አዳኝ ቀደም ብሎ ከገባ፣ አየሩ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ ሽታውን ወደ አውራው ይልከዋል፣ አደኑ ሳይጀመር ያልቃል። አየሩ ከተገለበጠ በኋላ ግን ያው ቦታ ደህና ይሆናል። ስለዚህ ማማው ከመንገዱ ጎን፣ ነፋሱ ከአውራው መንገድ ወደ አዳኙ በሚሻገርበት በኩል መሆን አለበት። ነፋሱን ለማወቅ የስልክ ትንበያን ማመን አያዋጣም፤ ስልኩ የሚናገረው ስለ ሜዳው እንጂ ስለዚያ ሸለቆ አይደለም። የአገሬው አዳኞች ሚልክዊድ ከተባለው አረም ጥጥ መሳይ ዘር ለቅመው በኪሳቸው ይይዛሉ። አንዷን ለቀው የት እንደምትሄድ እስክትጠፋ ድረስ በዓይናቸው ይከተሏታል። ከሠላሳ ሜትር በኋላ ድንገት ወደ ላይ ስትታጠፍ ያየ ሰው የት መቀመጥ እንደሌለበት ያውቃል።

ምልክት ፍለጋው ራሱ ምልክት እንደሚተው ደግሞ አይዘንጋ። አውራው ሰው እንደገባ ሲያውቅ አገር ጥሎ አይሄድም፤ ከመኝታው ሳይነሳ ያመሻል፣ ወይም ጥቂት መቶ ሜትር ፈቀቅ ይላል። ለአዳኙ ሁለቱም አንድ ናቸው። መኝታው ድረስ ገብቶ ማየት የሚገባው ወቅቱ ካለቀ በኋላ በመጋቢት ነው፤ ያኔ ቅጠል የለም፣ ያለፈው ዓመት የተላጠ ዛፍ ሁሉ ይታያል፣ ቢበረግግም እስከ መስከረም ይረሳዋል። በመስከረም የሚደረገው ፍለጋ አጭር ይሁን፤ በእኩለ ቀን፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ከምግቡ ወደ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ትኩስ ምልክት እስኪገኝ ብቻ። ከተገኘ ማማውን እዚያው ሰቅሎ በዚያኑ ቀን ማምሸት ነው። «ይህን ቦታ ለሚመጣው ሳምንት ላቆየው» የሚል አዳኝ ያየሁት ብዙ ነው፤ ትኩስ ምልክት ግን አይቆይለትም።

ለእኛ ሰው አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነውና መብላቱ አያከራክርም። ጥሬውን ማሰብ ግን ይቅር፤ ለክትፎ የሚሆን ሥጋ አይደለም። የዱር ሥጋ ቶክሶፕላዝማና ኢ ኮላይ ሊኖርበት ይችላል። ከዚህ ሌላ አጋዘንን የሚያመነምን፣ ክሮኒክ ዌስቲንግ የሚባል የአንጎል በሽታ በዊስኮንሲን ከፈረንጆቹ 2002 ጀምሮ ታውቋል። ወደ ሰው ስለመተላለፉ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ነገር ግን በሽታውን ማብሰል አያጠፋውም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም በምርመራ የተገኘበትን ሥጋ እንዳይበሉ ይመክራል። በሽታው ባለበት ካውንቲ የታደነ ከሆነ ናሙናውን አስመርምሮ ውጤቱን መጠበቅ፣ ከዚያም አብስሎ መብላት ነው። ጥብሱ ለማንኛውም ግሩም ነው።

እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ዕድሜያቸው አጭር ነው። በጥቅምት መጀመሪያ አዳኞች «አጋዘኑ ጠፋ» ይላሉ። አንገታቸው ላይ ጂፒኤስ በታሰረላቸው አውራዎች የተደረጉ ጥናቶች ግን ሌላ ይናገራሉ፦ እንቅስቃሴያቸው በዚያ ወር አይቀንስም፣ እንዲያውም ወደ ስሪያው እየጨመረ ይሄዳል። የጠፋው የመስከረሙ መንገድ ነው። አኩሪ አተሩ ቢጫ ሆኗል፣ የነጩ ኦክ ፍሬ አልቋል፣ የወንዶቹ ቡድን ተበትኗል፣ አንዳንዱ አውራም የበጋ ሰፈሩን ለቆ ሌላ ሸንተረር ገብቷል። መስከረም 10 ያገኙትን የተላጠ ዛፍ ጥቅምት 5 ላይ አይመኑት። ወደ ቀይ ኦኩ ወርደው ከሥሩ ያለውን ስባሪ እንደ አዲስ ይፈልጉ።